ፋሲካ መቼ ነው?

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የማትቀር ጥያቄ አለች። ሠርግ የሚደግሰው፣ የዓመት ፈቃድ የሚሞላው፣ አገር ቤት ለመሄድ የሚያስበው ሁሉ “ለመሆኑ ዘንድሮ ፋሲካ መቼ ነው?” ይላል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ አለቀ። ፋሲካ ግን በየዓመቱ ያስጠይቃል። መልሱን ድሮ ከደብሩ መሪጌታ እንሰማ ነበር፣ ዛሬ ስልካችን ላይ እናየዋለን። ይህችው ጥያቄ በአንድ ወቅት ጦር ካማዘዙት ነገሮች አንዷ ነበረች ብላችሁስ?

ጠቡ የቆየ ነው

ክርስቲያኖች በፋሲካ ቀን መከራከር የጀመሩት በሁለተኛው መቶ ዓመት ነው። በታናሽ እስያ የነበሩት ከአይሁድ ፋሲካ ጋር፣ ኒሳን 14 ቀን፣ ዕለቱ ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ ያከብሩ ነበር። ሮምና እስክንድርያ ደግሞ ጌታ የተነሣው እሑድ ነውና ከእሑድ ውጭ አይሆንም አሉ። የሮማው ጳጳስ ቪክቶር እስያዎቹን ሊያወግዛቸው ሲነሣ፣ የሊዮኑ ኤሬኔዎስ ነው ተው ብሎ የመከረው።

እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች፣ እኛ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው፣ አርዮስን ብቻ አውግዘው አልተበተኑም። ክርስቲያን ሁሉ ፋሲካን በአንድ ቀን ያክብር ብለውም ወስነዋል። የጸናውም ደንብ ይኸው ነው፦ በጸደይ ቀንና ሌሊት እኩል ከሆኑ በኋላ ጨረቃ ስትሞላ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው እሑድ ፋሲካ ነው።

እስቲ እርሳስ አንሡ

በእኛ ዘንድ ይህ ስሌት ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ትውፊቱ የሚሰጠው ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሒሳቡ አያስፈራም። የ2018ን አብረን እናውጣ።

5500 ላይ 2018 ስንደምር 7518። ለ19 ስናካፍለው 13 ይተርፋል። አንድ ስንቀንስ 12፤ ይህ ወንበር ነው። 12ን በ19 ስናባዛ 228፤ በ30 በ30 ስንገድፈው 18 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 ላይ 7 ሲጨመር 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባች ማለት ነው። የትንሣኤን ተውሳክ 9 ስንጨምርባት 34፣ ሠላሳውን ስንገድፍ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4። በቃ!

በዚህ ስሌት ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ ዘመነ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ጸደይ ሲባል አደይ አበባና መስከረም ለሚታየን የከተማ ልጆች ይገርም ይሆናል እንጂ፣ ፋሲካችን ምንጊዜም የጸደይ በዓል ነው።

ሁለት ፋሲካ በአንድ አገር

እ.ኤ.አ. በ1582 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ካላንደሩን አረመ። በጣሊያንና በስፔን ኦክቶበር 4 የተኛ ሰው ሲነቃ ኦክቶበር 15 ሆኖ ጠበቀው። ከዚያ በኋላ የሮማ ፋሲካና የእስክንድርያ ፋሲካ ተለያየ።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር፣ አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ ባይሆኑ። ንጉሡን ያሳመናቸው ፔድሮ ፓኤዝ ታጋሽና ብልህ ሰው ነበር፤ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ቀስ በቀስ የሚባል ነገር አያውቅም። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ይቅር፣ ጾምና በዓሉም በሮማ አቆጣጠር ይሁን አለ።

አስቡት እንግዲህ። ፋሲካ ሲነቃነቅ ዐቢይ ጾም፣ ሆሣዕና፣ ዕርገት፣ ጰራቅሊጦስ ሁሉ አብረው ይነቃነቃሉ። አያቱ በጾሙበት ሳምንት ሲጾም ያደገ ገበሬ፣ ያ ሁሉ ጾም ቀኑን የሳተ ነበር ሲባል ምን ይሰማዋል? ዐመፁ የተነሣው በቀን ብቻ አይደለም፣ ብዙ ቁስል ነበረበት። ቀኑ ግን በየቤቱ የሚገባ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1632 ወይና ደጋ ላይ የንጉሡ ጦር የላስታውን የመልክአ ክርስቶስን ሠራዊት አሸነፈ፤ 8,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። በድሉ ማግስት ግን ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ቅርጫው አንድ ነው

አሁን የሚያስደንቀውን ስሙ። ዛሬ የኢትዮጵያ ካቶሊኮችም ፕሮቴስታንቶችም ፋሲካን ከኦርቶዶክሱ ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ። ሜንዴዝ በአዋጅ ያላመጣውን አንድ ቀን ጉርብትና አቆየው። አንድ ግቢ እየኖሩ፣ በአንድ ዕድር እየተቀባበሩ፣ በሬ በቅርጫ እየተካፈሉ ሁለት ፋሲካ እንዴት ይሆናል?

ውጭ ያሉት ወገኖቻችን ይህን የበለጠ ያውቁታል። በ2016 የእኛ ፋሲካ ከምዕራባውያኑ በአምስት ሳምንት ዘገየ፣ በ2017 ሁለቱ በአንድ ቀን ሚያዝያ 12 ገጠሙ፣ በ2018 ደግሞ የአንድ ሳምንት ልዩነት ሆነ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛህ እንቁላሉን ቀለም ቀብቶ በልቶ ከረሳው ከወር በኋላ አንተ ገና ሽሮ ላይ ነህ። ሌሊት ቅዳሴ ቆመህ፣ በዶሮ ወጥ ገድፈህ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ። በዓሉን በዓል የሚያደርገው ቀኑን አብሮህ የያዘው ሰው መሆኑ የሚገባህ ያኔ ነው።

ለዚህም ይመስለኛል ፋሲካ በአንድ ቀን የማያልቀው። ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት፣ እስከ ዳግም ትንሣኤ እሑድ ድረስ ሳምንቱ ሁሉ ስም አለው። ሳምንቱ የአክፋይ ነው፦ ድፎ ይዞ አማች ቤት፣ አክስት ቤት፣ የክርስትና ልጅ ቤት። በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን ደግሞ በማግስቱ ሰኞ ዘመድ ወዳጅ ሰብስቦ በእግር መሄድ ልማድ ነው። መነሻው በትንሣኤ ዕለት ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ ጌታ መንገድ ላይ የተቀላቀላቸው ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ናቸው።

እኛ ደግሞ ዘንድሮ ዘንድሮ “እንኳን አደረሳችሁ” የሚል ምስል ለመቶ ሰው በአንዴ ልከን ሶፋ ላይ መጋደም ለምደናል። በፋሲካ የተዳረች ሁልጊዜ ፋሲካ ይመስላታል ይባላል፤ እኛም ቀኑ ሳንደክምበት በየዓመቱ ተጠብቆ የሚመጣ መስሎናል። ተጠብቆ የመጣውኮ ሰው ሰው ቤት ስለሄደ ነው። የዳግም ትንሣኤ ሳምንት ሳያልቅ የአንድ አክስት በር ይንኳኳ። በእግር ከሆነማ ዶሮውም ይንሸራሸራል!