ማስተርስ ለመማር ላሰባችሁ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የአካባቢው ልጆች፦ ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት ምን ይዘጋጅ?

የድህረ ምረቃ ማስታወቂያ ሲወጣ ቀኑ አጭር ነው። ደጋ ዳሞት ወይም ወንበርማ ገጠር የሚያስተምር መምህር ወሬው ሲደርሰው፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ኔትወርክ ይጠፋል፣ መንገድ ይዘጋል። በ2015 ክረምት ግጭቱ ከተነሳ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ማናችንም አንረሳውም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያልቀውን አስቀድሞ መጨረስ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

1. ሁለት በር እንዳለ እወቁ
ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ማስተርስም ሆነ ፒኤችዲ የሚማር ሰው ጋት የሚባለውን ሀገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። በግል ተቋም ለሚማርም ያው ነው። ምዝገባውም ፈተናውም በኦንላይን ሲሆን፣ ፈተናው የሚሰጠው በተመረጡ የፈተና ጣቢያዎች ነው። ጋት ማለፍ ግን ዩኒቨርሲቲ መግባት አይደለም። ካለፋችሁ በኋላ ለምትፈልጉት ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ታመለክታላችሁ፤ አንዳንድ ዲፓርትመንት የራሱን ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ይጨምራል። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ አልፌያለሁ ብሎ ይቀመጣል።

2. ወረቀቶቻችሁ
ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ በእጃችሁ ይኑር። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን በእጅ የሚያዝ አይደለም፤ ከተማራችሁበት ሬጅስትራር ወደምታመለክቱበት ሬጅስትራር በቀጥታ ይላካል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። የወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) ዕዳ ካለባችሁም ቀድሞ ይታይ፣ ሳይጠናቀቅ ኦሪጅናል ዲግሪ አይሰጥም። መምህራን ግዴታችሁ በአገልግሎት የሚወጣ ከሆነ የአገልግሎት ማስረጃችሁን ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያዙ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ የተመረቃችሁ ደግሞ የመውጫ ፈተና ውጤታችሁ አብሮ ይቀመጥ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

3. የስም ፊደል
ጸሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ዲግሪና የፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለው አጻጻፍ የተለያየ ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክሉ። በምዝገባ ሰሞን የሚስተካከል ነገር አይደለም።

4. ማን ይከፍላል?
መሥሪያ ቤት ስፖንሰር ካደረጋችሁ ደብዳቤው ላይ የትምህርት መስኩ በግልጽ ይጻፍ፣ ማህተምና ቁጥር ይኑረው። በግላችሁ ከሆነ ደግሞ ከክፍያው ሌላ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት አስሉ። ለእኛ አካባቢ የሚቀርቡት ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። የትኛውን መንገድ በየሳምንቱ መመላለስ እንደምትችሉ ሳታስቡ አትምረጡ። ቡሬ ያላችሁ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ከተማችሁ ውስጥ ስላለ መረጃ ከዚያ ጠይቁ።

5. ኢንተርኔት ቤት ስትመዘገቡ
ባለቤቱ በራሱ ስልክና ኢሜይል እንዳይመዘግባችሁ። ውጤት ስትጠይቁ የይለፍ ቃሉ እሱ ጋ ይቀራል። ኢሜይል የሌላችሁ በስማችሁ አስከፍቱ፣ የይለፍ ቃሉንና የምዝገባ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ወረቀቶቹን ስካን አስደርጋችሁ ፍላሽ ላይም ስልክ ላይም አስቀምጡ። ገጠር ያላችሁ ከተማ ላይ የምታምኑት እህት ወይም ወንድም ካለ ኮፒውን ስጡት፣ መንገድ ቢዘጋ እሱ ይመዘግባል።

6. ቀንና ሰዓት
ማስታወቂያው በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ እዩ። 9:00 የሚል ቀጠሮ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ፈተና ጣቢያ ያላችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

7. ለውጭ ስኮላርሺፕ
የእንግሊዙ ቼቭኒንግ፣ የአሜሪካው ፉልብራይት፣ የጀርመኑ ዳድ ማመልከቻ ክፍያ አይጠይቁም። ቼቭኒንግ ብዙ ጊዜ ክረምት ላይ ይከፈታል፣ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድም ይፈልጋል። የእነሱ እኩለ ሌሊት በግሪንዊች ሰዓት ከሆነ ለእኛ ሌሊት 9 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

በመጨረሻ፦ «ጋት አሳልፋለሁ»፣ «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን ደላላ አትመኑ። ያ ብር ብዙ ጊዜ የአባት በሬ ወይም የእናት እህል ተሸጦ የመጣ ነው። ለትራንስፖርትና ለፈተናው ክፍያ ይዋል።

ይህን መረጃ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፤ ገጠር ላለ ጓደኛችሁም አድርሱት።