ፎርም ያልነበረው ምዝገባ፦ ሪዋቅ አል-ጀበርት



ዘንድሮ ከመድረሳችን ልጆች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የኮሌጅ ምዝገባ ሰልፍ ላይ ቆምን። በመስኮቱ የተጠየቁት የክፍል ሰርተፊኬት ብቻ ነው። ኪታብ ሲቀሩ የኖሩባቸው ዓመታት የሚሞሉበት መስመር ፎርሙ ላይ የለም። ያኔ አል-አዝሀር ትዝ አለን።

በ10ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ላይ የተመሠረተው አል-አዝሀር ለብዙ ዘመናት የመግቢያ ፈተና አልነበረውም። ከሀበሻ ምድር የሄደ ደረሳ ሪዋቅ አል-ጀበርት የሚባል የሀገሩ ልጆች ማደሪያ ይጠብቀዋል። እዚያ ከገባ ዳቦው ከወቅፍ ይሰፈርለታል (ለደረሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም!)፤ ከዚያ ከመረጠው ሸይኽ ፊት ይቀመጣል። ኢጃዛውንም የሚሰጠው ያቀራው ሸይኽ ራሱ ነው። በ1753 (እ.ኤ.አ.) የተወለደው ታላቁ የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ይህን ሪዋቅ በሸይኽነት ሲመራ ከኖረ ቤተሰብ የወጣ ነው።

በ1872 የዓሊምነት ፈተና በሕግ ተደነገገ። የ1961ዱ ሕግ ደግሞ ሕክምናንና ምህንድስናን አስገባ። ወረቀቱን አንጠላም፤ ልጆቻችንን ያሰለፍናቸውም ለዚሁ ነው።

ከመካከላቸው አንዱ ፊቅህና ነህው ሰባት ዓመት ቀርቷል። «የትምህርት ደረጃ» በሚለው ፊት ለፊት ትንሽ አሰበና «12ኛ፣ የማታ» ብሎ ጻፈ።