የጀጎል ግንብ ትምህርት

በድሬዳዋ ሳስተምር፥ ስለ ቱርክ አገር ጥንታዊ መስጊዶች ውበት ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች፥ «አስቀድማችሁ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛችሁ ሐረርን እዩ» እላቸው ነበር።

አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው የጀጎል ግንብ 5 ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በውስጡም 82 መስጊዶች ይገኛሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ዳሩ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ግንብ የተሠራው ከድንጋይና ከጭቃ ነው። ጭቃን ዝናብ ያጥበዋል፤ ድንጋዩም ጭቃው ሲለቀው ይወድቃል። እስከ ዛሬ የቆመው አሚሩ ስላሠራው ብቻ ሳይሆን፥ በኋላ የመጣው ትውልድ ስለ ጠገነውም ጭምር ነው። የአሠሪው ስም ሲነገር ይኖራል፤ የጠጋኙን ስም ግን የሚያነሣው የለም። ቢሆንም አባት ያቆየውን ሳይጠግኑ ወራሽ ነኝ ማለት ከንቱ ነው።