ሦስት መስመርና አንድ ድምር፤ የኮስት ሼሪንግ ታሪክ

«የመንግሥት ዕዳ አለብህ» የተባለ ሰው ብር ቆጥሮ የተቀበለ ይመስላል። የኛ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዕዳ ግን አብዛኛው እጅ ሳይገባ ነው የሚያልቀው፤ እንጀራና ወጥ ሆኖ ይበላል፣ አልጋና ፍራሽ ሆኖ ይተኛበታል፣ የመምህር ደመወዝ ሆኖ ይከፈላል። የሚቀረው ተማሪው በየዓመቱ የፈረመው ቅጽ ነው። እኔ ያንን ቅጽ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳስሞላ፣ ስደምር፣ ከአቧራ ውስጥ ስፈልግ ኖሬያለሁ።

ድሮ የሚያስተምረው አንድ፣ የሚያበላው ሌላ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ኮሮጆውን አንግቶ ለምኖ ይማራል፤ የኔታ ያስተምሩታል፣ መንደሩ ያበላዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ሁለቱንም መንግሥት ያዘው። የሚማረው እፍኝ ስለነበር ለግምጃ ቤቱ አልከበደም፤ ለአዲሱ ቢሮክራሲም የተማረ ሰው ያስፈልግ ነበር።

«የተማርክበትን መልስ» የሚለው ነገር መጀመሪያ የመጣው በገንዘብ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ተጀመረ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ማገልገል ግዴታው ሆነ። አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ሄደ። በደርግ ዘመን ደግሞ መንግሥት ያስተምራል፣ መንግሥት ይመድባል። እኔም በዚያ ዘመን ሳንቲም ሳልከፍል ተምሬ በምደባ ሥራ የያዝኩ ነኝና፣ በኋላ ልጆቹን «ፈርሙ» ስላቸው አንዳንዴ አፍር ነበር።

ለውጡ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተጀመረ። የመንግሥት ድጋፍ ቅድሚያ እስከ አሥረኛ ክፍል ላለው እንደሚሆን፣ ከዚያ በላይ ግን ወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) እንደሚመጣ አስቀመጠ። ንድፉ የተቀዳው በአብዛኛው ከአውስትራሊያ ነው፤ እዚያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ ተማሪው መጀመሪያ ይማራል፣ ደመወዝ ሲያገኝ በግብር መልክ ይከፍላል። የኛው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ሕግ ሆነና በ1996 ዓ.ም. የገቡት ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች ሆኑ። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ እየተከፈቱ ነበር፤ ሁሉንም በነጻ አብልቶ፣ አስተኝቶ ማስተማር የሚችል በጀት አልነበረም። ይህን አልክድም።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም፤ ሦስት መስመር ነው። አንደኛው የትምህርት ወጪ ሲሆን ተማሪው ከዚህ የሚጋራው 15 በመቶውን ነው። ለምሳሌ የአንድ ዓመት ትምህርቱ 10,000 ብር ነው ቢባል ዕዳው 1,500 ይሆናል። ምግብና መኝታ ግን ሙሉ በሙሉ የራሱ ናቸው። ስለዚህ ዕዳውን የሚያከብደው ከክፍሉ ይልቅ ካፌው ነው። ለረጅም ጊዜ የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት 15 ብር ነበር፤ በ10 ወር 4,500 ብር ማለት ነው። ወደ 22 ሲያድግ 6,600 ሆነ። አሁን 100 ብር ደርሷል፤ በዚያው ስሌት ብንሄድ 30,000። ያ ሁሉ ጭማሪ ዕዳውን እንጂ ወጡን አላወፈረውም፤ ገበያው ቀድሞ በልቶታል።

ቅጹ ላይ የእናት ሙሉ ስም ይጠየቃል፣ መሰናዶ የተማረበት ትምህርት ቤት ይጠየቃል፣ አገልግሎቱን በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ እንደሚፈልግ ይጠየቃል። በጥሬ ገንዘብ የመረጡት «ነን ካፌ» ይባላሉ፤ ብር ከመንግሥት እጃቸው ላይ የሚገባ እነሱ ብቻ ናቸው፣ እሱም የወር ቀለብ ነው። ከታች አከፋፈሉ አለ፦ በሙያ አገልግሎት ወይስ ከወር ገቢ። የ1957ቱ ሐሳብ በዚያች አንዲት መስመር ላይ ተርፏል፤ በተለይ ለመምህርነት የሚሠለጥኑት በአገልግሎት ይከፍላሉ።

ከገቢ የሚከፍለው ቢያንስ ከወር ደመወዙ 10 በመቶ ይቆረጥበታል፣ ቀጣሪው ለግብር ሰብሳቢው ያስተላልፋል፤ የመክፈያው ጊዜ ከ15 ዓመት ማለፍ የለበትም። ወለድ የለውም፤ ብር በወደቀ ቁጥር አሮጌ ዕዳ እየቀለለ የሚሄደውም ለዚህ ነው። በወረቀት ላይ ደግ ሕግ ነው። ነገር ግን ይህ ቆራጭ ቀጣሪ የሚኖረው ደመወዝተኛ ለሆነው ነው። ሱቅ የከፈተውን፣ ባጃጅ የሚነዳውን፣ ቤት የተቀመጠውን፣ ወደ ዱባይ የሄደችውን ማን ይቆርጣቸዋል?

ስለዚህ ዕዳው ጥርስ ያወጣው በሌላ በኩል ነው፤ በዲግሪው። ተመራቂው በጊዜያዊው፣ እነሱ «ቴምፖ» በሚሉት ይሸኛል፤ ኦርጅናሉ ዕዳው እስኪጠራ ይቀመጣል። ግብር ተብሎ የታቀደው ነገር በተግባር መያዣ ሆነ። በቢሮዬ የመጡት ከፋዮች አብዛኞቹ ደመወዛቸው የተቆረጠባቸው አልነበሩም፤ ውጭ የትምህርት ዕድል ወይም ቪዛ ያገኙ፣ ባንክ ደረሰኝ ይዘው በጥድፊያ የሚመጡ ነበሩ። ሥራ አጥቶ የተቀመጠው ኦርጅናሉን ለማውጣት አቅም የለውም፣ አንዳንዱ ቀጣሪ ደግሞ ያለ ኦርጅናል አያነጋግርም። ይህ እንደ ሥርዓት ትልቁ ጉድለቱ ነው እላለሁ፤ ገቢ ሲኖርህ ክፈል ተብሎ የተዋዋለን ሰው ገቢ ከማግኘቱ በፊት ወረቀቱን መያዝ ውሉን መገልበጥ ነው።

ልጅ የላካችሁ ወላጆች አንድ ነገር አድርጉልኝ። ልጃችሁ በየዓመቱ የሚፈርመውን ቅጽ ኮፒ አስቀምጡ፣ ሦስቱን መስመሮች ራሳችሁ ደምሩ። ዓመት አቋርጦ ከነበረ ወይም ካፌ ካልበላ፣ ያልተጠቀመበት እንዳይደመርበት ጠይቁ፤ ከምረቃ በኋላ ማህደር ፍለጋው ከባድ ነው።