ስለ ምርጫ ክርክርና ስለ መራጭ ልብ

አባቶቻችን በሙግት የሠለጠኑ ነበሩ። በቀድሞ ዘመን ሁለት ባላጋራዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ፥ አላፊ አግዳሚውን «ዳኘን» ብለው ያስቆሙት ነበር፤ ያም መንገደኛ የራሱን ጉዳይ ትቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገራቸውን ይሰማ ነበር። «በላ ልበልሃ» የተባለው የሙግት ሥርዐትም አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ሰው ከፍ ያደርገው ነበር። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ግን ዳኛው ሕዝብ ራሱ የሆነበትን ሙግት ነው፤ ይኸውም ለሥልጣን የሚወዳደሩ ሰዎች በቴሌቪዥን የሚያደርጉት ክርክር በእውነት የመራጩን ልብ ይለውጣልን? የሚለው ነው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ክርክር ስመ ጥር የሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ኬኔዲና ኒክሰን ለአሜሪካ ፕሬዝዳንትነት በተከራከሩ ጊዜ ነው። በእኛ አገር ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች እንጂ ሕዝብ ስላልሆነ፥ ፊት ለፊት ቀርበው የሚሟገቱት ፓርቲዎች ናቸው።

በ1997 ዓ.ም. የሆነውን ያየ ሰው አይረሳውም። ከግንቦት 7 ቀን ምርጫ አስቀድሞ ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎቹ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ስለ መሬት ይዞታ፥ ስለ ፌዴራል ሥርዐትና ስለ ኢኮኖሚ ተከራከሩ። ከቅንጅት ወገን የዶክተር ብርሃኑ ነጋና የአቶ ልደቱ አያሌው፥ ከኢሕአዴግ ወገን የአቶ በረከት ስምዖን ስም በየቤቱ ይነሣ ነበር። በምዕራብ አዲስ አበባ ባለው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማም፥ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤናና እስከ ቤቴል፥ ቴሌቪዥን ያለው ሰው የሌለውን ጎረቤቱን እየጠራ፥ ቡና እየተፈላ፥ ክርክሩ በጸጥታ ይሰማ ነበር። በማግሥቱም ሰው በታክሲና በሥራ ቦታ «ማን ረታ?» እየተባባለ ይከራከር ነበር።

ቀኑ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ እስከ ሌሊት ተሰልፎ መረጠ። ቅንጅትም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከአዲስ አበባ የሚመረጡትን 23 መቀመጫዎች፥ የኮልፌ ቀራንዮን ጨምሮ፥ በሙሉ ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን አገኘ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ከ547 መቀመጫዎች 327ቱን ኢሕአዴግ እንዳገኘ ተገለጸ።

ይህን የተመለከተ ሰው «ያሸነፈው ክርክሩ ነው» ቢል አያስደንቅም። ነገር ግን ዶሮ ስለ ጮኸ አይነጋም፤ አንዱ ነገር ሌላውን ስለ ቀደመ ብቻ ምክንያቱ ነው አይባልም። የከተማው ሰው ቅሬታ ከክርክሩ በፊት የነበረ ነው፤ በ1993 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ ጋር ተያይዞ በተነሣው ሁከት የሰው ሕይወት ጠፍቶ ነበር፤ ሥራ አጥነቱም፥ የባድመም ነገር በብዙዎች ልብ ቁስል ሆኖ ነበር። ከዚህም በላይ ቅንጅት በአማራ ክልል በርካታ መቀመጫዎችን አግኝቷል፤ የዚያ አገር ገበሬ አብዛኛው ግን ቴሌቪዥን በቤቱ አልነበረውም።

የሌላውም አገር ምርምር እንዲሁ እንድንጠነቀቅ ያደርገናል። ካሮሊን ለ ፔኔክና ቬንሳን ፖንስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ10 አገሮች የተደረጉትን 62 ምርጫዎችና 56 የቴሌቪዥን ክርክሮች መርምረው፥ ክርክሩ መራጩ አስቀድሞ የያዘውን አሳብ ሲለውጥ እንዳላገኙት ጽፈዋል። በሌላ በኩል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በሴራሊዮን፥ ለምክር ቤት የተወዳደሩ ሰዎች ክርክር በፊልም ተቀርጾ በየመንደሩ ለሕዝብ በታየ ጊዜ፥ መራጩ ስለ ዕጩዎቹ ያለው ዕውቀት ጨምሯል፤ በክርክሩ ብልጫ ያሳየው ሰውም ተጨማሪ ድምፅ አግኝቷል። ስለዚህ ሁለቱን ብናስተያይ፥ ሰው ስለ ዕጩዎቹ ብዙ በሚያውቅበት አገር ክርክር እምብዛም ለውጥ አያመጣም፤ ዕጩዎቹ በማይታወቁበት አገር ግን ያስተዋውቃል፥ ያስተምራልም ለማለት እንችላለን።

የ1997ቱ ክርክር በእኛ አሳብ ከዚህ ሌላ ሦስተኛ ሥራ ሠርቷል። የኮልፌ ሰው በልቡ የነበረውን ነገር ክርክሩ አልፈጠረበትም፤ ነገር ግን ሹም በሹመቱ ሳይከበር በአደባባይ ሲጠየቅና ሲመልስ አሳየው። ጎረቤቱም እንደ እርሱ ሲደነቅና ሲስቅ አየ፤ ያን ጊዜ «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» አለ። ይህን የሚያህል አሳብ ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ ቢነገር ከአንድ ጓሮ አይወጣም፤ በአንድ ሌሊት በሁሉ ቤት ሲሰማ ግን ፍርሃትን ያባርራል። ክርክሩ የመራጩን አሳብ ሳይሆን የመራጩን ድፍረት ለወጠ ማለት ነው።

ድፍረት ግን በቃል ብቻ አይኖርም። ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997 ዓ.ም. እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት 193 ሲቪል ሰዎችና 6 ፖሊሶች እንደ ሞቱ አጣሪ ኮሚሽኑ ገልጿል፤ የቅንጅት መሪዎችም ታሰሩ፥ በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ በይቅርታ ተፈቱ፥ ፓርቲውም ተከፋፈለ። በ2002 ዓ.ም. ለተደረገው ምርጫ እንደ ገና በቴሌቪዥን ክርክር ተደረገ፤ ነገር ግን በዚያችው በአዲስ አበባ ተቃዋሚዎች ያገኙት ከ23ቱ አንድ መቀመጫ ብቻ ነው። መስኮቱ ያው ነው፤ ከተማው ያው ነው፤ የተለወጠው ቃል መስማት የሚያስከትለውን መከራ ሕዝቡ ማወቁ ነበር ብለን እናስባለን።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ «ክርክር መራጭን ይለውጣልን?» ለሚለው መልሳችን ይህ ነው። አንደበት ብቻውን ልብን አይገለብጥም፤ በልብ ያለውን ግን ወደ አደባባይ ያወጣል። ያ የወጣው አሳብ ፍሬ የሚያፈራው ደግሞ ፍርዱን የሚያከብር ሲኖር ነው። የቀድሞው ባላጋራ መንገደኛውን ዳኝ ብሎ ካስቆመ በኋላ ፍርዱ ባያስደስተው እንኳ ይቀበል ነበር፤ ሕዝብንም ዳኛ አድርጎ በየቤቱ የሚያስቀምጥ መንግሥትና ፓርቲ ሁሉ ከዚያ መንገደኛ ያነሰ ክብር ሊሰጠው አይገባም። ክርክሩ የሚመዘነው በተከራካሪዎቹ አንደበት ሳይሆን፥ ካርዱ ከተቆጠረ በኋላ ባለው ማግሥት ነው።