«ምን ይሰማሻል?» ብሎ ለመጠየቅ የፈጀው ዘመን

ዛሬ ይዘን የቀረብነው ታሪክ ስለ ጦርነትም ስለ ነገሥታትም አይደለም። ካንሰር የያዛትን ሴት ሐኪሞች ሰውነቷን እያከሙ ልቧን ሳይጠይቁ ስለኖሩበት ዘመን፣ ያንንም ስለለወጡት ሰዎች ነው። እናቱ፣ እህቱ ወይም ባለቤቱ የታመመችበት ወንድማችን በተለይ ረጋ ብሎ ያንብበው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ የጡት ካንሰርን የሚያክሙት ጡቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብት ዕጢዎችንም አብረው በማውጣት ነበር። ይህ አሠራር ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይነቀነቅ ቆየ። ሴቲቱ ከማደንዘዣው ስትነቃ ደረቷ ጎድሎ፣ ክንዷ አልነሳ ብሎ ታገኘዋለች። ስለዚህ ጉዳይ ቁጭ ብሎ የሚያወራት ሰው ግን አልነበረም።

በ1952 ጡታቸውን በቀዶ ሕክምና ያጡት ቴሬስ ላሰር ሐኪም አልነበሩም። ክንዴን እንዴት ላንቀሳቅስ? ምን ልልበስ? ለባለቤቴ ምን ልበል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጣቸው ስላጡ ራሳቸው ተነስተው አዲስ የታከሙ ሴቶችን በየሆስፒታሉ መጠየቅ ጀመሩ። ክንድ ማፍታቻ ኳስና ገመድ፣ ልብስ ውስጥ የሚገባ ጊዜያዊ ምትክ ጡት ይወስዱላቸዋል። ያልወደዱላቸው ሐኪሞች ነበሩ። በ1969 ግን የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ሥራውን የራሱ አደረገው። ልብ በሉ፣ ይህ እኛም የምናውቀው በሽተኛ ጥየቃ ነው። ልዩነቱ ጠያቂዋ ራሷ ያለፈችበት መሆኗ ነው።

በዚያ ዘመን የበሽታው ስም ራሱ ይደበቅ ነበር። በ1961 በታተመ ጥናት በቺካጎ ከተጠየቁ 219 ሐኪሞች 90 በመቶው ለታማሚው ካንሰር እንዳለበት አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናገሩ። በ1979 በሌላ የአሜሪካ ሆስፒታል ተመሳሳይ መጠይቅ ሲቀርብ 97 በመቶው «እንናገራለን» አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። እኛ ዘንድ «ለእሷ እንዳትነግሯት» የሚለው ቃል ገና ከየቤቱ አልወጣም። የሚደብቀው ሰው በፍቅር መሆኑን አንክድም። ታማሚዋ ግን ከፊታችን ታነበዋለች፤ እንዳወቀችም ስለማትነግረን ብቻዋን ትፈራለች።

አንዳንድ ወንድሞች እዚህ ላይ «የነፍስን ሕክምና እኮ የኛ ዑለማዎች ቀድመው ያውቁት ነበር» ማለታቸው አይቀርም። እውነት አላቸው። በ934 (322 ዓ.ሂ.) ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው ኪታባቸው የአካልንና የነፍስን ጤና አንድ ላይ አስቀምጠዋል። ነገር ግን ኪታቡ አለን ማለት ብቻውን አልጋ ላይ ላለችው እህታችን ምንም አይፈይድላትም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። የጤና ሳይኮሎጂን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት የካሊፎርኒያዋ ሼሊ ቴይለር ከባልደረቦቻቸው ጋር የጡት ካንሰር ያለባቸውን 78 ሴቶች አነጋግረው ያገኙትን በ1983 አሳተሙ። ሴቶቹ ሦስት ነገር ይሠሩ ነበር፦ ለምን እንደታመሙ ምክንያት ይፈልጋሉ፣ በሕይወታቸው ላይ የሆነ ሥልጣን መልሰው ለመያዝ ይጥራሉ፣ የወደቀውን ለራሳቸው ያላቸውን ክብር ያነሳሉ። የመጨረሻውን የሚያደርጉት ከነሱ የባሰባትን በማሰብ ነው። ዕጢው ብቻ የወጣላት ጡቷ ሙሉ በሙሉ ለተቆረጠው ታዝናለች፤ በዕድሜ የገፋችው ለወጣቷ፣ ያገባችው ላላገባችው። ከበታች ያለን ማየት የሚለውን የዲናችንን አስተምህሮ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ግን አንድ ነገር አንርሳ፦ ንጽጽሩን የመረጠችው ራሷ ታማሚዋ ናት። ጠያቂ መጥቶ «ከአንቺ የባሰች አለች» ሲላት መጽናኛው ተግሣጽ ይሆናል።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ብዙዎችን አሳስቷል። የስታንፎርዱ ሐኪም ዴቪድ ስፒገል ካንሰሩ ወደ ሌላ አካላቸው የተዛመተባቸው 86 ሴቶችን ተከታተሉ። ከፊሎቹ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል በቡድን ተቀምጠው ስለ ሞት፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ሕመማቸው ያወሩ ነበር። በ1989 የታተመው ውጤት በቡድኑ የነበሩት በአማካይ 36.6 ወር፣ ያልነበሩት 18.9 ወር ኖሩ የሚል ነበር። ዓለም ተደነቀ። «አእምሮ ካንሰርን ያሸንፋል» የሚሉም በዙ።

በ2001 ግን በካናዳ በ235 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት የዕድሜ ልዩነት አላገኘም። በ2007 የስፒገል የራሳቸው ሁለተኛ ጥናትም የመጀመሪያውን ውጤት አልደገመውም። ሰውየው ይህንኑ ደብቀው አላስቀሩትም፤ አሳተሙት። የካናዳው ጥናት ግን ሌላ ነገር አግኝቷል፦ በተለይ ሲጀምሩ በጣም ተጨንቀው የነበሩት ሴቶች ጭንቀታቸውም ሕመሙም ቀለለላቸው። ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዕድሜ በአላህ እጅ ነው፤ የቀረው ጊዜ በምን ሁኔታ ያልፋል የሚለው ግን በከፊል በዙሪያዋ ባለን ሰዎች እጅ ነው። «ጠንካራ ሁኚ፣ ኢማንሽ ይጠንክር፣ ትድኛለሽ» የሚባል ምክርም እዚሁ ላይ ይፈተሻል። በሽታው ሲመለስባት ይህች ሴት ጥፋቱ የኔ ድክመት ነው ብላ ታስባለች። ማልቀስ ሶብርን አያፈርስም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል።

በኒውዮርኩ የካንሰር ሆስፒታል ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የታማሚዎችን መንፈስ የሚከታተል ክፍል በ1977 ያቋቋሙት የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጂሚ ሆላንድ በበኩላቸው ቀላል መንገድ ይፈልጉ ነበር። በ1990ዎቹ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት አንድ ወረቀት ነው። በላዩ የሙቀት መለኪያ ተስሏል፤ ታማሚዋ የጭንቀቷን ልክ ከ0 እስከ 10 ታመለክታለች። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ያነጋግራታል። ከጎኑ የሚያስጨንቋት ነገሮች ዝርዝር አለ፦ ልጆች፣ ገንዘብ፣ እንቅልፍ፣ ፍርሃት። ሃይማኖትና እምነትም ከዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ እሱ ላይ ምልክት ያደረገች ታማሚ ወደ ሃይማኖት አገልጋይ ትመራለች። ለሙስሊሟ ያ ሰው የሰፈሯ ኢማም ወይም እንደኛ ያለ ረዳት ነው።