ስንት ሰዓት መተኛት ይበቃናል? ለምንስ ደክሞን እንነሳለን?

ለአዋቂ ሰው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት፣ ከ14 እስከ 17 ዓመት ላሉ ወጣቶች ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች ደግሞ ከ9 እስከ 11 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል።

ብዙዎቻችን ለሱብሒ ስንነሳ የሚሰማንን ድካም በማለዳ መነሳቱ ላይ እናሳብባለን። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የምንተኛበት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳ ሰው 7 ሰዓት ለመተኛት ከምሽቱ 4 ሰዓት እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻእ በፊት መተኛትንና ከዒሻእ በኋላ ወሬን ይጠሉ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል።

በቂ ሰዓት ተኝተውም ደክሟቸው የሚነሱ አሉ። የቡና ካፌይን በሰውነት ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ስለሚቆይ የማታ ቡና እንቅልፍን ያሳሳል፤ አልጋ ላይ ስልክ መነካካትም እንቅልፍን ያዘገያል። ከባድ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ መሃል የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የደም ማነስ፣ የስኳር ሕመም እንዲሁም ጭንቀት ሌሎች መንስኤዎች ናቸው። ድካሙ ለሳምንታት ከዘለቀ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

እኩለ ቀን ላይ 20 ደቂቃ ያህል ቀይሉላ ማድረግ ያበረታል፤ የሌሊቱን እንቅልፍ ግን አይተካም።